ሰባት እግር ጎመን እና የአያ ዋሴ ላሞች

ቋንቋችን ብዙ ነገር በደፈናው ያልፋል። ከብት ከኋላው ለሚጥለው ነገር ስም ሲያወጣ ግን አልሰነፈም። ትኩሱ እበት ነው። ደርቆ ሲነሳ ኩበት ይሆናል። የፈረስና የበቅሎ ከሆነ ፋንድያ፣ የበግና የፍየል ከሆነ በጠጥ፣ የዶሮ ከሆነ ኩስ፣ በረት ውስጥ ከሽንትና ከገለባ ጋር ተላቁጦ ከተገኘ ደግሞ አዛባ ይባላል። ይህ ሁሉ ዘመድ አዝማድ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ከርሞና በስብሶ ወደ ማሳ ሲወጣ ፍግ የሚል የማዕረግ ስም ያገኛል። እኔ ይህን ሁሉ በቃሌ አውቅ ነበር። አስተማሪ ነበርኩና ስም ማወቅ እንጀራዬ ነው። የትኛው ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ ግን አላውቅም ነበር። እሱን ለማወቅ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ሰባት እግር ጎመንና ለመሰበር ጥቂት የቀረው አንድ ልብ ፈጅቶብኛል። ልቡ የራሴው ነው፤ አትደንግጡ።

ዛሬ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ያቆመኛል። «እርስዎ ጎመንዎ ያምራል፤ እስቲ ለሁሉም አትክልት የሚሆን፣ ዋጋውም የማይጎዳ ፍግ ይጠቁሙኝ» ይለኛል። ጥያቄው አዲስ እንዳይመስላችሁ። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። እንዲያውም እንደ እኔ አጥብቆ የጠየቀ ሰው በአገሩ ተነሥቶ አያውቅም ብል ግነት አይሆንም።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ እንጅባራን ሰው ሁሉ ቆሰበር ብሎ ይጠራት በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ የሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨው፣ ነጭ ጋዝና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። የሱቅ ልጅ መሬትን የሚያውቃት ጫማው ላይ ስትለጠፍ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ማንኛውንም ነገር ሲያይ «ስንት ነው? ሌላ ቦታስ ስንት ነው? ለስንት ነገር ያገለግላል?» ማለት በደሙ ውስጥ አለ። ቆሰበር በአስተማሪነት ስመደብ ከሁለት ሸሚዝና ከአንድ ብርድ ልብስ ሌላ ይዤ የሄድኩት ይህን አመል ነበር።

ያረፍኩት ጠላ ሻጯ እቴ ማንጠግቦሽ ዘንድ ነው። ከቤታቸው ጀርባ አንዲት ክፍል አከራዩኝና ጓሮዋንም ምራቂ አድርገው ጨመሩልኝ። ጓሮዋ ወንዝ ድረስ የምትወርድ፣ ቀይ፣ ቀዝቃዛና ኮምጣጣ አፈር ያላት ቁራጭ መሬት ነበረች። «እንደው ካማረህ ቆፍራት እንጂ» አሉኝ እቴ ማንጠግቦሽ፣ «እሷስ መጾም ከጀመረች ቆይታለች።» እኔ መሬት መጾሟን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደንቆኝ ስለ ነበር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከወንዙ ማዶ አያ ዋሴ የሚባሉ ገበሬ ይኖሩ ነበር። አሥራ አንድ ከብትና ለዓመት በዓል ብቻ የሚጫን አንድ ቀይ ፈረስ አላቸው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛው ለገበያና ለዳኛ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንጓች የምትባል ልጅ አላቸው። ውኃ የምትቀዳው ከጓሮዬ ግርጌ ነው። አንድ ቀን እንስራዋን ሞልታ ቀና ስትል አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ ወደድኳት።

በደንቡ መሠረት ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ፤ ፊታቸውን አጨማደው ተመለሱ። አያ ዋሴ አላባረሯቸውም፤ እሺም አላሉም። «ደመወዝ የሚሉትን እህል በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አሉ አሉ። «ያቺ የማንጠግቦሽ ጓሮ በእጁ አይደለች? እሷን ሲያበላ ልየው። መሬት የማያበላ ሚስት አያበላም።»

አስቡት እንግዲህ። እኔ እስከዚያ ቀን መሬት ታበላለች እንጂ ትበላለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ፈተና ብዙ ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ተምሬ የማላውቀው ትምህርት ሲመጣብኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ወደቅሁ ማለት ደግሞ ሌላ ዓመት መድገም አይደለም። አንጓች ሌላ ሰው ቤት ገባች ማለት ነው።

ሮጬ እቴ ማንጠግቦሽን ጠየቅኋቸው። «መሬት የምትበላው ምንድን ነው?» ፍግ ነዋ አሉኝ፣ ይህንንም የማያውቅ ሰው ልጅ ያስተምራል ወይ በሚል ዓይን እያዩኝ። እኔም የሱቅ ልጅነቴ ተነሣና ስሌት ገባሁ። ጎመኑ አንድ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሌላ፣ ድንቹ ሌላ ፍግ ከሚፈልግ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓይነት፣ በቅርብ የሚገኝ፣ ዋጋውም ደህና የሆነ መፈለግ አለበት። ጓሮዬን አራት መደብ አድርጌ ከፈልኩና ደብተሬን ይዤ ገበያ ጥናት ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት፣ ብልጥ መሆኔ ነው፣ ራሳቸው አያ ዋሴ ደጅ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ። የፈረስዎ ፋንድያ በቁና ስንት ነው?» አልኋቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ወደ ቤት ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከውስጥ የሴት ልጅ ሣቅ ተሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና፣ «የምትገዛው ፈረሱን ነው ፋንድያውን?» አሉኝ።

«ፋንድያውን።»

«ፋንድያ አይሸጥም። ከፈለግህ ዝቀህ ውሰድ።»

በሱቅ ዕውቀቴ፣ ዋጋ የማይነግር ነጋዴ ቆይቶ ሊያስወድድ ያሰበ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁና ዛቅኩና ከብልህነቴ ብዛት ደጃቸው ካለ ድንጋይ ላይ ሳንቲም ትቼ ሄድኩ። በነጋታው አንጓች ሳንቲሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወንዙ ዳር አመጣችልኝ። «አባቴ በረታችን ሱቅ አይደለም ብሏል» አለችኝ። ሌላም ብዙ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ የተናገረችው ግን ጆሮዬ ድረስ አልደረሰም። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ «ፋንድያው ትኩስ ነው፤ ሳይከርም መሬት ላይ እንዳታደርገው፤ ፈረስ የበላውን ፍሬ አይፈጭም» የሚል ምክር ነበር። እንግዲህ ፍቅር ያደነቆረው ገበሬ ምን ያመርታል? ስናር። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው መደቤ ላይ የበቀለው የስናር አረም ፈረሱን ራሱን ለመቀለብ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው መደብ ላይ የእቴ ማንጠግቦሽን አተላ አፈሰስኩበት። ነፃ ነው፣ ከደጃፍ ነው፣ ብዙ ነው። በዋጋ በኩል የሚወዳደረው አልነበረም። ችግሩ የአተላ ወዳጅ ብዙ መሆኑን አለማሰቤ ነው። በማግሥቱ ገበያ ነበረና ከአዘና ጭነው የመጡ አህዮች ሽታውን ይዘው አጥሬን ሰብረው ገቡ፤ መደቡን ልሰው፣ ረግጠውና ተንከባልለውበት ሄዱ። ሦስተኛው መደብ ላይ በጠጥ አደረግሁ፤ እሱም ያልከረመ ኖሮ ልክ እንደ ጠጠር ተቀምጦ ይመለከተኝ ጀመር። አራተኛው ላይ ከምድጃ የወጣ አመድ በተንኩበት። አመድ ይሉት ነገር የድህነት ምልክት ይመስለኝ ስለ ነበር ተስፋ አልጣልኩበትም። ነገር ግን ያ ኮምጣጣ አፈር አመዱን ሲቀምስ ፊቱን የፈታ መሰለኝና፣ ከተከልኩት ሁሉ ሰባት እግር ጎመን እዚያ ተረፈ።

እነዚያን ሰባት ጎመኖች እንዴት ልንገራችሁ። ጠዋት እቆጥራቸዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሜ እቆጥራቸዋለሁ። ስም ማውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ። የመንደሩ ሰው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያለ ይሣቅብኝ ጀመር። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን የሣቁት ስላልገባቸው ነው ብዬ ደብተሬን መሙላቴን ቀጠልኩ። አያ ዋሴ ደግሞ በየማታው ከብት ሲያስገቡ ከወንዙ ማዶ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል። አይናገሩም። ጥፋቴን የሚቆጥሩ ስለሚመስለኝ ላቤ ይመጣ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ሽማግሌዎቹን እንደገና ላክኋቸው። አሁንም እሺ የለም፣ እምቢም የለም። «ከፋሲካ ወዲያ መልሴን በዓይኑ ያየዋል» ብለው ሸኟቸው። እኔም ልቤ እንደ ተንጠለጠለ በዓሉን ከወላጆቼ ጋር ላሳልፍ በጭነት መኪና ዳንግላ ወረድኩ። አባቴ ስለ ሥራዬ ቢጠይቀኝ ስለ በጠጥና ስለ አዛባ ማውራት ጀመርኩ። እናቴ ለካህን ይታይ ብላ ነበር።

ከስምንት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጓሮዬ ደረስኩና ቆሜ ቀረሁ። የመሬቴ አንዱ ጥግ ዙሪያውን በቀርከሃ አጥር ታጥሯል። ውስጡ በእበት ተቦክቷል። አመድ ያበላሁት መደብ ላይ፣ ያ ሰባት እግር ጎመን የነበረበት ቦታ፣ ሰባት ጉቶ ቆሟል። ይህን እያየሁ ሳለሁ አያ ዋሴ አሥራ አንዱን ከብት እየነዱ ወንዙን ተሻግረው መጡ፤ የቀርከሃውን በር ከፍተው ከብቶቹን ልክ ወደ ገዛ በረታቸው እንደሚያስገቡ እኔ ጓሮ ውስጥ አስገቧቸው። «እንኳን በሰላም መጣህ» አሉኝና በሩን ዘግተው ሄዱ።

እንኳን በሰላም መጣህ!

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ይህ ነው አልኩ። ልጄን አልሰጥም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጎመን አስበልቶ፣ መሬት አስረግጦ፣ በላዩ ላይ ሰላምታ መስጠት ግን ምን የሚሉት ንቀት ነው? በዓይኑ ያየዋል ያሉት መልስ ይህ መሆኑ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ልቤ አዘነ። የጎመኑ ነገር አልነበረም ያሳዘነኝ፤ አንጓች ያን አጥር ሲታጠር ቆማ አይታ ይሆን ወይ ብዬ ነው። ቤት ገብቼ ለእቴ ማንጠግቦሽ ስነግራቸው፣ ሴትዮዋ በደስታ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን በእጄ ከደንኩት። ያበዱ ነው የመሰለኝ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የተማረ ሰው ግን ተናዶ እያለ አይጠይቅም። ማመልከቻ ይጽፋል።

ማመልከቻዬን ለአጥቢያ ዳኛው ጻፍኩ። ያማረ ማመልከቻ ነበር። «በላቤ ያፈራኋቸውን ሰባት እግር ጎመኖች በጉልበት በከብት ያስፈጁብኝ ስለሆነ» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ትንሽም ያኮራኛል። ዳኛው የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ ግራዝማች ናቸው፤ ችሎት የሚቀመጡት በኮሶ ዛፍ ሥር ነበር። አያ ዋሴ ተጠርተው መጡ። ማመልከቻው ጮክ ተብሎ ተነበበ። የሚሰማው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ነበር፤ ለእኔ አዝነው መስሎኝ ደስ አለኝ።

«አያ ዋሴ» አሉ ግራዝማች፣ «ከብትህን በሰው መሬት ላይ ለምን አሳደርህ?»

አያ ዋሴ ዱላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «የሰው መሬት አልመሰለኝም ነበር» አሉ።

እኔ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። «ሰማችሁ! ሰማችሁልኝ! ጎመኑ አልበቃ ብሎ መሬቱንም የራሴ ነው ሊሉ ነው!»

እስከዚያ አያ ዋሴን ቀና ብዬ አላየኋቸውም ነበርና ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁ። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ የተመለሰበት ሰው ፊት ነበር። ዱላቸውን አነሡ። «ካልሆነማ ይቅር። ዛሬውኑ አነሣለሁ» ብለው ሄዱ። ረታሁ ማለት ነው።

ግራዝማች ሰዉን አሰናብተው እኔን አስቀሩኝ። ማመልከቻዬን አጣጥፈው እጄ ላይ መለሱልኝና፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያዘው» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ሰው መሬቱን እንዴት ፍግ እንደሚያበላ አይተሃል?»

«ዝቆ ተሸክሞ።»

«ለጓሮ እንደዚያ ነው። ለማሳ ግን ማን ይሸከማል? ዝናብ ሳይመጣ ማሳው ላይ በቀርከሃ እናጥርና ከብቱን እዚያው እናሳድራለን። ሦስት አራት ሌሊት ሲሆን አጥሩን ፈቀቅ እናደርጋለን። እንዲህ እያልን መሬቱን ሁሉ ከጫፍ ጫፍ እናጠግባለን። ዕቃ የለ፣ ሸክም የለ፣ ሽንቱም አይባክን። እና ሰው ከብቱን ማን መሬት ላይ ያሳድራል? በራሱ መሬት። ወይ በልጁ መሬት። ወይ ደግሞ» አሉና አዩኝ፣ «በአማቹ መሬት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ፍግ ሆኜ በጠቀምኋት ነበር።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው» አሉ ግራዝማች። «አንተ ግን በሬው ሲመጣልህ ከሰስከው። ሰውዬው ልጁን ሰጠህ፤ አንተ ሰባት እግር ጎመን ብለህ መለስክለት።»

ሮጬ ጓሮዬ ስደርስ የቀርከሃው አጥር ተነቅሏል። ከመሬቴ ሩቧ ብቻ ናት እበት የቀመሰችው። እቴ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆመው፣ ያን ቀን ለምን እልል ልል እንደ ነበር አሁን ይገባሃል በሚል ፊት ተቀበሉኝ። ሦስት ቀን አንጓች ውኃ ልትቀዳ አልመጣችም። በሌላኛው መንገድ፣ በሩቁ በኩል ዞራ ትቀዳ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ፣ ለሁሉ የሚሆን ርካሽ ፍግ ስፈልግ ከርሜ፣ ሲመጣልኝ ከበር መመለሴ ብቻ አልነበረም። የሰው ክብር መመለሴ ነው። ይህ ደግሞ ቢከርምም አይበሰብስም።

በአራተኛው ቀን እንደገና ሽማግሌ ሰበሰብኩ። በፊት የሄዱት ሁለቱ ብቻ አይበቁም ብዬ ሁለት ጨመርኩ፤ አንዱ ራሳቸው ግራዝማች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ «ምን ብለን እንጠይቅልህ? ልጅቱን?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ፣ «ልጅቱን ለመጠየቅ አሁን ምን ፊት አለኝ? ከብቶቹን ጠይቁልኝ። ተመልሰው ጓሮዬ ላይ ይደሩልኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌ ለላም ሲላክ ያዩት ያን ቀን ነው። እኔም ጓሮዬ ገባሁና ሊያቆጠቁጡ የጀመሩትን ሰባት ጉቶዎች በእጄ ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ ለከብቶቹ ጥሎሽ ይሁን ብዬ። ማዶ ሲደርሱ አያቸው ነበር። ደጁ ላይ ቆሙ፤ ግቡ አልተባሉም። ብዙ ጊዜ ቆሙ። የጎመኑን ጉቶ ሲያወጡ አየሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ፤ አያ ዋሴ ሲሥቁ። ስድስት ወር ሙሉ ከወንዝ ማዶ ስንተያይ ሲሥቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ቆሰበር ውስጥ ይነገራል። «ልጄን ሲጠይቀኝ ሁለት ሽማግሌ ላከ፤ ላሞቼን ሲጠይቀኝ አራት። ይህ ሰውማ መሬት ገብቶታል።»

በዚያው ማታ አሥራ አንዱ ከብት ወንዙን ተሻገረ። በየአራት ቀኑ የቀርከሃውን አጥር እኔና አያ ዋሴ አብረን እያፈለስን፣ ጓሮዬ ከላይ እስከ ታች እስክትጠግብ አደሩባት። ዝናቡ ሲገባ ጎመኑም፣ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም በአንድ ፍግ አፈሩ። ደብተሬ ላይ ውጤቱን ጻፍኩ። ዋጋ በሚለው ረድፍ ላይ ግን ምን እንደምጽፍ ቸገረኝና ባዶ ተውኩት። አንጓች በጥር ቤቴ ገባች።

ይኸው ዛሬም ሰው እየመጣ ለሁሉ የሚሆን፣ ዋጋው ደህና የሆነ ፍግ የትኛው ነው ሲለኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ አመዱ፣ ስለ ፋንድያው መክረም፣ ስለ ከብት ማሳደሩ ላስረዳ እጀምራለሁ። ሁልጊዜም ሳልጨርስ አንጓች ከጓዳ ድምፅዋን ታሰማለች።

«እሱ ሽማግሌ ልኮ የለመነው ላሞቹን ነው፤ እኔ ምራቂ ነኝ» ትላለች።

እንግዳው ይሥቃል። እኔ ግን መልስ አልሰጥም። ከዚያ ቤት ጋር አንድ ጊዜ ተሟግቼ ረትቻለሁ፤ ይበቃኛል።